ዜናው ስንት ሰው እንደ ወጣ ይነግረናል፤ ውኃው ስንት እንደ ደረሰ ማን ይንገረን?

የበሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)፣ ጥቅምት 24

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በዚህ መድረክ ለረጅም ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም፤ ሰሞኑን ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

ስለ አገራችን ሐይቆች ለማስተማር ስዘጋጅ፣ ሐይቅ ያላቸው ከተሞች ስለ ሐይቆቻቸው ያወጧቸውን ዜናዎች መሰብሰብ ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ የዛሬውን ሁኔታ እንዲያዩ ፈልጌ ነበር። ያነበብኳቸው ሁሉ ይመሳሰላሉ። የጽዳት ዘመቻ ተካሄደ፤ ይህን ያህል ነዋሪ ተሳተፈ፤ ኃላፊዎች መልእክት አስተላለፉ፤ ችግኝ ተተከለ፤ ከሥሩ አካፋ የያዙ ሰዎች ፎቶግራፍ። የሐይቁ ከፍታ ከአምናው ቀነሰ ወይስ ጨመረ የሚል አላገኘሁም። ውኃው ተመርምሮ ምን ተገኘበት የሚልም የለም። አምና ከተተከለው ችግኝ ስንቱ ጸደቀ የሚልም የለም።

ዜናዎቹን ለክፍሉ ካነበብኩ በኋላ አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ መምህር፣ ሐይቁ እየዳነ ነው ወይስ እየሞተ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ሁሉ ዜና አንብቤ መልስ አልነበረኝም!

ሐይቅ የሌላት ደብረ ብርሃን ምን አገባት የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም በሬሳ የሚባል ወንዝ አለን። በሬሳ ከከተማችን ወጥቶ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። ከተማችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፍታለች፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል፤ ሕዝቡ በዝቷል። ከዚህ በተጨማሪ በአንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው፣ እኛም እንደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ይቆፈርልን፣ እንግዳ ይመጣልናል ብለው ሲናገሩ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ተነሥቼ ግን አልተናገርኩም። አሁን ልጠይቃችሁ፤ ሐይቅ አጠገብ የኖራችሁ፣ ከተማ ለውኃ ሲያስብ መጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት? ስለ ውኃው ዜና ሲነገረንስ ምን ሊነገረን ይገባል?

---

አለማያ 87 (አዲስ አበባ፤ ትውልዴ መሐል ሜዳ)

መምህር፣ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል።

እኔ በ1987 ዓ.ም. ለትምህርት ሐረርጌ ስወርድ ሐረማያን አየሁ። በዚያን ጊዜ ሁላችንም አለማያ ነበር የምንለው። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ያን ያህል ውኃ በአንድ ቦታ ተኝቶ አይቼ አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ከጥናት በኋላ ዳሩ ላይ እንቀመጥ ነበር፤ ወፉ፣ ነፋሱ፣ በውኃው ላይ የሚታየው ብርሃን። የሐረር ከተማ ከዚያ ይጠጣ ነበር። ገበሬው ከዚያ በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ከዚያው ይቀዳ ነበር።

ሽማግሌዎች ውኃው ይሸሻል ይሉን ነበር። እኛ ግን አላየንም። አራት ዓመት ተቀምጠን አላየንም! ውኃው በየዓመቱ የሚሸሸው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ትንሽ ይመለሳል፤ ሰውም ይረሳል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኛን እያሳሳቀ ራሱ ሄደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለጉዳይ ተመልሼ ስሄድ የተቀመጥንበት ዳር ከፊቱ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ከብት በመሐሉ ያቋርጥ ነበር። ከመኪናው ወርጄ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ሐረር ከዚያ በኋላ ውኃዋን ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈረ ጉድጓድ፣ በረጅም ቧንቧ፣ ዳገት ሽቅብ እየተገፋላት ነው ያገኘችው። ያ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ አስቡት።

በቅርብ ዓመታት ሐረማያ ውኃ መልሶ መያዝ ጀምሯል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን አንድ ምሰሶ በሐይቁ ውስጥ ተተክሎ፣ በየወሩ መጀመሪያ ላይ ከፍታው በሬዲዮ ቢነገር ኖሮ፣ እኛ ተማሪዎቹም፣ ገበሬውም፣ የሐረር ሰውም በጊዜ እንነቃ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኛ የጮኽነው ከደረቀ በኋላ ነው።

---

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የአለማያውን ወንድሜን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ከጣናም ልጨምር።

እምቦጭ በጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእኔ ጋር ብዙ ወጣቶች በእጃችን ለመንቀል ወርደናል፤ እስከ ደረት ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተን። ሥራው መልካም ነበር፤ በሕይወቴ ከምኮራባቸው ቀኖች አንዱ ነው። ነገር ግን እምቦጭ በሞቀና በተመገበ ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀብሮ ይቆያል። ዛሬ የነቀልነውን ያህል ከወር በኋላ እናገኘዋለን። የሚመግበው ደግሞ ከእርሻው ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ምግቡ ካልተቋረጠ በላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ብቻ መንቀል ፋታ ይሰጣል እንጂ መድኃኒት አይሆንም።

በዚያን ጊዜ የወጡት ዜናዎች ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ ይሉ ነበር። በዚያው ወር ስንት ሄክታር አዲስ እንደ ተሸፈነ ግን ከጎኑ አይጻፍም። ገቢውን ብቻ ጽፎ ወጪውን የማይጽፍ ነጋዴ መክሰሩን በምን ያውቃል?

---

የቀበሌው ሠራተኛ

ስሜንም ከተማዬንም አልናገርም። ሐይቅ ባላት ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሳዘጋጅ ዓመታት አሳልፌያለሁ። መምህር ያነበቧቸው ዓይነት ዜናዎች የሚወለዱት ከሪፖርት ቅጹ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው የተሳታፊ ብዛት በጾታ፣ የተተከለ ችግኝ ብዛት፣ የተሰበሰበ ቆሻሻ በኩንታል፣ የፈሰሰ ጉልበት በገንዘብ ሲተመን። ለውኃው የሚሆን ረድፍ የለውም። እኔም የሞላሁት የተጠየቅኩትን ነው።

አንድ ጊዜ በራሴ ሐሳብ «የሐይቁ ከፍታ» የሚል ረድፍ ጨምሬ ላክሁ። ቅጹ ተመልሶ መጣ፤ ያልተጠየቀ ነገር አትጨምር ተባልኩ። ክፋት አልነበረም፤ ከላይ ያለውም ለበላዩ የሚልከው ያንኑ ቅጽ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለውጥ የምትፈልጉ ከሆነ ዜና ጸሐፊውን አትውቀሱ። በቅጹ ላይ አንድ ረድፍ አስጨምሩ።

---

የበሬሳ ማዶ

ይህን ስለ ነገሩን እናመሰግናለን። ቅጹን ከነአካቴው አላሰብኩትም ነበር። ለተማሪዎቼ ነገ እነግራቸዋለሁ።

---

የባሶና ልጅ (ባሶና ወራና)

ከይቅርታ ጋር የተለየ ሐሳብ አለኝ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ከበሬሳ ዳር በበጋ በሞተር ድንች፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ያለማል፤ እኔን ያስተማረኝ ያ መሬት ነው። በዚህ ውይይት ውስጥ ጥፋቱ ሁሉ ወደ ገበሬው ሲዞር አያለሁ፤ ማዳበሪያው፣ ሞተሩ፣ እርሻው። ገበሬው የሚጠጣውም ከብቱን የሚያጠጣውም ያንኑ ውኃ ነው። ከተማ ውስጥ የታጠበው ልብስ፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ፣ የጋራዡ ዘይት ወደ ታች ሲወርድ ማን ይጠየቃል? አባቴ አንዳንድ ቀን ውኃው ቀለሙ ተለውጦ አረፋ ይዞ ሲመጣ ሞተሩን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ ሰብሉ እየጠወለገ። ከየት እንደ መጣ የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ደግሞም ስለ ሐይቅና ስለ ወንዝ ዳር ልማት ሲወራ እኔ የምፈራው አጥሩን ነው። መጀመሪያ ጥበቃ ይባላል፤ ከዚያ አጥር ይመጣል፤ በመጨረሻ ውኃው ለገበሬው ሩቅ ይሆናል።

---

ሆራ (ቢሾፍቱ)

የባሶናው ልጅ ስለ አጥር የተናገረው እውነት ነው። ቢሾፍቱ ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ሁሉም ውብ ናቸው፤ ነገር ግን ከተማው ውስጥ እየኖርኩ ወደ ውኃው ዳር በነፃ የምወርድበት ቦታ በየዓመቱ እየጠበበ ነው ያየሁት። ልጆቼን ሐይቅ ለማሳየት ሆቴል ገብቼ ለስላሳ ማዘዝ አለብኝ። ሰው የማያየውን ውኃ አይጠብቅም፤ እኔ የምሰጋው ይህንን ነው።

ሐይቅ ይቆፈርልን ላሉት አባት ደግሞ በአክብሮት ይነገርልኝ። ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ የተፈጠሩት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ ነው፤ በሰው እጅ አልተቆፈሩም። ከእነርሱ የሚወጣ ወንዝም የለም። የገባባቸው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ወንዝ ቢያንስ ያሳልፋል፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ ግን ሁሉንም ያስቀምጣል።

---

እርከን (የተፋሰስ ባለሙያ፣ ሰሜን ሸዋ)

ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ታገሡኝ።

በዚህ ዞን ከታርማበር እስከ ሞረትና ጅሩ በእግሬ ዞሬያለሁ። ስለ እርሻ የተባለው ትክክል ነው፤ የባሶናው ወንድሜ የተናገረውም ትክክል ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ማሳው ታርሶ ባዶውን ነው ያለው፤ ሰብል አልሸፈነውም። አብዛኛው አፈር የሚሄደው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። በነሐሴ ዝናቡ ቢበረታም ገብሱና ስንዴው አፈሩን ይይዘዋል። ስለዚህ እርከኑ በጥርና በየካቲት ካልተሠራ፣ ቦረቦሩ ጎርፍ በሚያግድ ክትር ካልታሰረ፣ ክረምት ላይ የሚደረግ ዘመቻ ሁሉ የዘገየ ነው።

ይህ አፈር የሚያርፈው ግድብና ሐይቅ ውስጥ ነው። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ በደለል ምን ያህል እንደ ተቸገረ ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ከሐዋሳ አጠገብም ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ጨለለቃ ለሐዋሳ ሐይቅ እንደ ወንፊት ነበር። ወንፊቱ ሲሞላ «ጥቁር ውኃ» የሚባለው ወንዝ ደለሉን ይዞ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይገባል።

እኛም ወንፊት አለን፤ ስሙ ጨፌ ነው። ለበዓልና ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጤማ የሚታጨድበት፣ በበጋ እንኳን እግር የሚሰምጥበት ሜዳ። ጨፌ የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ ያሳርፈዋል፤ አፈሩን ያስቀራል፤ በበጋ ቀስ እያለ ለወንዙ ይለቀዋል። እኛ ግን ባዶ መሬት አድርገን ነው የምናየው። ቦይ ቆፍረን እናደርቀዋለን፣ ባሕር ዛፍ እንተክልበታለን፣ ለቤት መሥሪያ እንሸነሽነዋለን። አንድ ከተማ ለውኃው ያስባል ወይስ አያስብም ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ የከተማውን ፕላን አምጡና ጨፌዎቹ በምን ቀለም እንደ ተቀቡ አሳዩኝ እላለሁ።

አሁን ስለሚቆፈረው ሐይቅ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ሄክታር ስፋት ያለው ውኃ በበጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተን፣ የሚጠፋው 40 ሜትር ኩብ ነው። በሃያ ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 2,000 ጀሪካን፣ በየቀኑ። ወደ መሬት የሚሰርገው ሳይቆጠር ነው። እናቶች በወረፋ ጀሪካን በሚደረድሩበት ሰፈር አጠገብ ይህን ውኃ ለዓይን ብቻ ለፀሐይ መስጠት ትክክል አይመስለኝም። ለመስኖ ወይም ለመጠጥ የሚሆን ግድብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከበላዩ ያለው ተራራ ሳይሸፈን ከተሠራ የደለል ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ስለ መለኪያው ደግሞ፣ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ። ጣሊያናዊው ካህንና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አንጀሎ ሴኪ በ1865 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አንድ ክብ ሳሕን በገመድ አስሮ ወደ ባሕር እያወረደ፣ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ። ዛሬም በዓለም ሁሉ የሐይቅ ውኃ ምን ያህል የጠራ እንደሆነ በዚሁ ይለካል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሩቡ ጥቁር ሩቡ ነጭ እየተደረገ የተቀባ ሳሕን። ከቆርቆሮ ይሠራል። ለበሬሳ ግን ጥልቀቱ ስለማይበቃ ሌላ መላ አለ። ብርሃን የሚያስተላልፍ ጠርሙስ ወስዳችሁ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ቅዱ። ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት ከታች የተኛውን ጭቃ በማስመሪያ ለኩ። ጠርሙሶቹን በተራ ደርድሯቸው። ያን መደርደሪያ ያየ የምክር ቤት አባል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

---

ሸዋ ሮቢት

ከቆላው አንድ ቃል ብቻ። እናንተ ደጋ ስለሆናችሁ ብርዱ ይጠብቃችኋል። እኛ ዘንድ ለውበት ተብሎ የተኛ ውኃ ወባ ይዞ ይመጣል። የአንዱን ከተማ ሐሳብ ለሌላው ከመስጠታችሁ በፊት ይህንንም አስቡልን።

---

ጠበቃዋ (ደብረ ብርሃን)

የባሶናው ልጅ አባቱ የሚነግራቸው ሰው እንዳጡ ሳነብ መጻፍ ግዴታዬ ሆኖ ተሰማኝ።

ወንድሜ፣ ለአባትህ እንዲህ ብለህ ንገራቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 መሠረት ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ላይ፣ ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደረሰን ወይም ሊያደርስ የሚችልን አካል ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ጉዳቱ በግል እንደ ደረሰባቸው ማስረዳት እንኳን አይጠበቅባቸውም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካቸው፣ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላሉ።

ይህን አንቀጽ የሚጠቀምበት ሰው አላጋጠመኝም ማለት እችላለሁ። በሙያዬ ከማዝንባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ሕጉ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የሚገባ የለም።

ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ውኃው ቀለም የለወጠበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ፎቶግራፍ ይነሣ። ከላይና ከታች ያለው ውኃ በሁለት ጠርሙስ ይያዝ፤ ሲቀዳ ሁለት ጎረቤቶች ይመስክሩ። በቃል የቀረበ አቤቱታና በደብተር የተጻፈ አቤቱታ አንድ አይደሉም።

ለመምህር ደግሞ፣ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መንግሥታዊ አካል በእጁ ያለውን የውኃ ምርመራ ውጤት እንዲሰጥዎ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥዎ ይገባል። ማመልከቻውን በነፃ እጽፍልዎታለሁ።

---

የባሶና ልጅ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ያልሽውን ዛሬ ማታ ለአባቴ በስልክ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ ድገመው አሉኝ። «ጎረቤት ይመስክር» የሚለው ላይ ሲደርሱ የሁለት ሰዎች ስም ወዲያው ጠሩ።

አቶ እርከን፣ ስለ ጨፌው የጻፉት ደስ ብሎኛል። በእኛ ቀዬ የጋራ ጨፌ ነበር፤ በግማሹ ላይ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ከሥሩ የነበረችው ምንጭ አሁን በግንቦት ትነጥፋለች። እኔ ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም ነበር።

---

እርከን

ወንድሜ፣ አንቱታው ይቅር። ባሕር ዛፉን ሁሉ ቁረጡ አልልም፤ ለገበሬው ባንኩ ነው፤ ልጅ ያስተምራል፣ ቤት ይሠራል። ከምንጩ ራስ ግን ይራቅ። ለምንጩ ዙሪያ ቀርከሃና የአገር ዛፍ ይሻላል።

---

የበሬሳ ማዶ፣ ኅዳር 2

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለክፍሉ አነበብኩላቸው፤ ያቺ ተማሪዬ የሐረማያውን ታሪክ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው ተከፋፈሉ። ስድስት ልጆች ለጠርሙሱ፣ አራት ለደብተሩ፣ ሁለት ደግሞ ለሰፈሩ ስብሰባ ሄደው ለመናገር። ለስብሰባው የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፤ የከተማው ሪፖርት ቅጽ ላይ «የውኃው ሁኔታ» የሚል ረድፍ ይጨመር። እኔም በዚህ ጊዜ አብሬያቸው ተነሥቼ እናገራለሁ። ስለሚቆፈረው ሐይቅ የተናገሩትን አባት ቤታቸው ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። የ2,000 ጀሪካኑን ሒሳብ ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ የፈለግኩት ልጆች ውኃ አጠገብ እንዲቀመጡ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሬሳ ዳር የሚቀመጡበት ንጹሕ ቦታ ቢኖር ሐይቅ ባልጠየቁ ነበር። ቅዳሜ አብረውን ይወርዳሉ።

የቀረን የመለኪያው ቦታ ነው። የውኃውን ከፍታ ለመለካት ምልክት የተቀባበትን ብረት የምንተክለው ከድልድዩ በላይ ነው ወይስ በታች?

---

እርከን

ለከፍታው አንድ ብረት ይበቃል፤ ከድልድዩ በላይ ቀጥ ብሎ በሚፈስበት ቦታ፣ ከዳሩ ድንጋይ ጋር በሲሚንቶ ይታሰር። ጎርፍ እንዳይወስደው ከአንድ ክንድ በላይ ይቀበር። ለጠርሙሱ ግን ሁለት ቦታ ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ውኃው ወደ ከተማው ከመግባቱ በፊት፣ ሌላው ከወጣ በኋላ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?

---

የበሬሳ ማዶ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ውርጭ ስላለ ልጆቹ ጋቢ ይደርባሉ።

---

የባሶና ልጅ

የታችኛውን ጠርሙስ አባቴ ይቀዱታል። ሲሚንቶውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።